የክረምት ጎርፍ በወረታና በፎገራ ሜዳ፦ የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ የት ያበቃል? የነዋሪውስ ከየት ይጀምራል?

ወረታ ላይ ዝናብ ጠንክሮ በዘነበ ቁጥር የሚነሳ ክርክር አለ። ቤቱ ውኃ የገባበት ሰው «ማዘጋጃ ቤቱ ቦዩን አልጠረገም» ይላል። የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ ደግሞ «ነዋሪው ቆሻሻውን ቦይ ውስጥ እየደፋ እኛ ምን እናድርግ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ችግሩ ክርክሩ የሚጀመረው ሐምሌ ላይ፣ ውኃው ደጃፍ ከደረሰ በኋላ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ጥፋተኛው ማንም ይሁን ማን የረጠበው ፍራሽ አይደርቅም። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ የማን ድርሻ እስከ የት እንደሆነ፣ ምን መቼ መሠራት እንዳለበት፣ በቦይ ጠረጋ የሚመለሰውና የማይመለሰው ጎርፍ የትኛው እንደሆነ ለይተን ለማስቀመጥ ሞክረናል።

ሁለት ጎርፍ ነው ያለው

ፎገራ ላይ «ጎርፍ» የምንለው አንድ ነገር አይደለም። ይህን ካልለየን ክርክሩ አያልቅም።

አንደኛው የከተማው የራሱ ጎርፍ ነው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ ያለች ከተማ ናት። በስተምሥራቅ መሬቱ ወደ ደብረ ታቦር ከፍታ ይወጣል፤ በስተምዕራብ ሜዳው እስከ ጣና ሐይቅ ተዘርግቷል። ከላይ የወረደ ውኃ ወደ ሜዳው ለመድረስ ከተማዋን ማለፍ ግድ ይሆንበታል። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ይጠጣና ያብጣል፣ አንዴ ከጠገበ በኋላ ግን ውኃ ማስረግ ያቆማል። ሜዳው ደግሞ ተዳፋትነት የለውም ማለት ይቻላል። በዚህ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያው፣ ኮብልስቶኑና ሲሚንቶ የፈሰሰበት ግቢ ሲጨመር ዝናቡ የሚሰርግበት ቦታ ያጣል።

መጠኑን ለመገመት ቀላል ሒሳብ አለ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ቤት በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብበት 1,800 ሊትር ይወርድለታል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 90 መሆኑ ነው። 400 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው መስጂድ በዚያው ዝናብ 12,000 ሊትር ወደ ሰፈሩ ይለቅቃል። ይህ ሁሉ ውኃ በየሰፈሩ ጠባብ ቦይ ማለፍ አለበት። ቦዩ ክፍት ከሆነ ጎርፉ በሰዓታት መጥቶ በሰዓታት ይሄዳል። ከተዘጋ ግን ወደ ቤት ይዞራል።

ሁለተኛው የወንዝና የሐይቅ ጎርፍ ነው። ርብና ጉማራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ አካባቢ ተነስተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ከተራራው ሲወርዱ አፈር ይዘው ነው፤ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ፍጥነታቸው ይቀንስና የያዙትን ያራግፋሉ። በዚህ የተነሳ የወንዙ ወለል በየዓመቱ ከፍ ይላል፤ ወንዙም ከአልጋው እየወጣ ማሳና መንደር ይገባል። በዚህ ላይ ሐይቁ አለ። የጣና ውኃ ከፍተኛው ላይ የሚደርሰው ዝናቡ ሲበረታ ሳይሆን ሊያልቅ ሲል፣ በመስከረም ገደማ ነው። ሐይቁ ሲሞላ ከወንዞቹ የመጣው ውኃ መውጫ ያጣና ወደ ኋላ ይተኛል። እንደ ናበጋና ዋገጠራ ያሉት ወደ ሐይቁ የቀረቡ ቀበሌዎች «ክረምቱ አለፈ» ከተባለ በኋላም ውኃ ላይ የሚቆዩት ለዚህ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የሆነውን የአካባቢው ሰው አይረሳውም። ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን አጥለቀለቁ፤ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ወጥቶ በድንኳን ተጠለለ። የድሬዳዋውን ከ200 ሰው በላይ የቀጠፈውን የደቻቱ ጎርፍ ያስተናገድነውም በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት ነበር። በ2012 ዓ.ም. ክረምትም የጣና ዙሪያ ወረዳዎች ዳግም በውኃ ተይዘዋል። አሁን ርብ ላይ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ግድብ አለ፤ የላይኛውን ውኃ ከፊል ይይዛል። ከግድቡ በታች የሚገቡትን ጅረቶች ግን አይዝም፤ ጉማራንም አይመለከተውም።

እንግዲህ የወረታን የሰፈር ቦይ በመጥረግ ርብን መመለስ አይቻልም። የርብን ዳር በመካብም በፌስታል የታፈነ ቱቦ አይከፈትም። እኛን የሚያሳስበን ሰው ሁለተኛውን ጎርፍ ለአንደኛው ምክንያት ሲያደርገው ነው። ጎረቤቱ የዘጋውን ቦይ «ቀደር ነው» ብሎ የሚያልፍ ወንድም አለ። የጉና ዝናብ በእርግጥ ቀደር ነው፤ ሃይላንዱን ቦይ ውስጥ የጣለው እጅ ግን ይጠየቅበታል።

ቦዩን የሚዘጋው ምንድን ነው?

ፌስታልና ሃይላንድ መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። ወረታ ላይ ግን ሌላ የራሷ ጉዳይ አለ፤ ሩዝ። ፎገራ በአገራችን የሩዝ ምርት ስሟ ቀድሞ የሚነሳ ወረዳ ናት፤ ከተማዋም የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች የበዙባት ናት። ጭዱን ከብት ይበላዋል፤ ገለፈቱ ግን በቀላሉ የሚወስደው የለም። ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይበትነዋል፣ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ቱቦ አፍ ላይ ሲደርስ ከጭቃና ከፌስታል ጋር ተጋግሮ እንደ ግድግዳ ይቆማል። የወፍጮ ባለቤት የሆናችሁ ወንድሞች ገለፈቱን ከቦይ ራቅ አድርጋችሁ፣ በጆንያ ወይም በታጠረ ቦታ ብታኖሩት ከአንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ቅሬታ ትድናላችሁ።

ሌላው የግንባታ ነገር ነው። ለቤት ሥራ የመጣ አሸዋና ጠጠር መንገድ ዳር ተራግፎ ለሳምንታት ይቆያል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ግማሹን ወደ ቦይ ይወስደዋል። የጫት ገረባም አለ፤ ስለ ጫቱ ራሱ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን፣ ገረባው ግን ቦይ ውስጥ የሚጣልበት ምንም ምክንያት የለም።

ከሁሉም የሚብሰው ግን ሱቅና ግቢ መግቢያ ላይ የሚሠራው መሻገሪያ ነው። ባለ ሱቁ ደንበኛ እንዲገባለት ቦዩ ላይ ኮንክሪት ያፈስሳል፤ ከሥሩ ቀጭን ቱቦ ያስገባል ወይም ጨርሶ ምንም አያስገባም። የማይነሳ ስለሆነ ከሥሩ መጥረግ አይቻልም። ቦዩ ከላይም ከታችም ንጹሕ ሆኖ እዚያች ሁለት ሜትር ላይ ይታነቃል። መሻገሪያ የሚሠራ ሰው ማዘጋጃ ቤቱን አስፈቅዶ፣ የቦዩን ስፋት ሳያጠብ፣ ሁለት ሰው ሊያነሳው በሚችል ክዳን ቢሠራ ለራሱም ይቀለዋል። ሽንት ቤቱን ከቦይ ጋር ያገናኘ ሰው ካለ ደግሞ ይህ የጽዳት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የታችኛውን ሰፈር ልጆች ማሳመም ነው።

ሕጉም ዝም አላለም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የከተማ አስተዳደሮች ቆሻሻ የሚሰበሰብበትን ሥርዓት እንዲዘረጉ አዝዞ ነበር፤ በመንገድና በውኃ መውረጃ ላይ ቆሻሻ መጣልንም ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ለነጋዴ አንባቢዎቻችን ይህ በቀጥታ የሚመለከታቸው ነው፤ ዘንቢልና የወረቀት ከረጢት ከአሁኑ መልመድ ይሻላል።

የማን ድርሻ እስከ የት ነው?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈውና ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠለው አስፋልት የፌደራል መንገዶች ናቸው፤ ከነድልድያቸው የሚመለከቱት የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደርን ነው። ስለዚህ ከአስፋልቱ ሥር የሚያልፍ ቱቦ ሲደፈን የቀበሌውን ሰው ብቻ መውቀስ አያዋጣም፤ ማዘጋጃ ቤቱ በደብዳቤ እንዲያሳውቅ መጠየቅና ደብዳቤው መሄዱን መከታተል ነው። የከተማው የውስጥ መንገዶች ቦይ፣ ዋና ዋና ማስተላለፊያዎችና የውስጥ ቱቦዎች የማዘጋጃ ቤቱ ናቸው። የወንዝ ዳር መከላከያና የተፈናቃይ እርዳታ የወረዳው፣ የዞኑና የክልሉ ሥራ ነው። በቤታችን፣ በሱቃችንና በመስጂዳችን ፊት ለፊት ያለው ቦይ የዕለት ተዕለት ጽዳት ግን የእኛ ነው።

ይህ አከፋፈል የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን የአሜሪካዋን ሚኒያፖሊስን እንውሰድ። እዚያ «ክረምት» ማለት ዝናብ ሳይሆን በረዶ ነው። ከተማው የመኪና መንገዱን በማሽን ይጠርጋል፤ በእያንዳንዱ ቤት ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ የሚጠርገው ግን ባለቤቱ ነው። መኖሪያ ቤት ከሆነ በረዶው መጣል ካቆመ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ንግድ ቤትና ትልቅ አፓርታማ ከሆነ የቀን ብርሃን ባለበት በ4 ሰዓት ውስጥ ማጽዳት አለበት። ካላጸዳ ከተማው አስጠርጎ ሒሳቡን ይልክለታል። እዚያ ያሉ ወንድሞቻችን ጠዋት አካፋ ይዘው ከመውጣታቸው በፊት ማን ይጥረግ ብለው አይከራከሩም፤ ወሰኑ አስቀድሞ ታውቋል። ወረታም የጎደላት ወሰኑ አስቀድሞ መታወቁ ነው ብለን እናምናለን።

ከማዘጋጃ ቤቱ ልንጠይቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቦይ ተጠርጎ የወጣው ጭቃ እዚያው ዳሩ ላይ ተቆልሎ ይተዋል። የሚቀጥለው ዝናብ መልሶ ይከተዋል፤ ገንዘቡም ጉልበቱም ውኃ በላው። የተጠረገ ጭቃ በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ በመኪና መነሳት አለበት። መኪና ከሌለ በጋሪም ይነሳል። ሰፈሩ በክረምት በጎ ፈቃድ ሥራ ለመጥረግ ሲወጣም ማንሻው መዘጋጀቱን ሳያረጋግጥ አካፋ ባያነሳ ይሻላል።

የመንገድ ሐቅ

ጎጂን ነገር ከመንገድ ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች እንደሚቆጠር፣ መንገድም ሐቅ እንዳለው በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገቡ ሐዲሶች ያስተምራሉ። ይህን አብዛኞቻችን ከልጅነት ጀምሮ ሰምተነዋል። ብዙም የማይነገረው የአሸንዳው ታሪክ ነው።

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አጎት ዐባስ (ረ.ዐ) ቤታቸው ወደ መንገድ የሚያፈስስ አሸንዳ ነበረው። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ለጁሙዓ ለብሰው ሲያልፉ ከአሸንዳው የወረደው ውኃ ነካቸውና እንዲነቀል አዘዙ። ዐባስ ግን ቦታው ላይ ያኖሩት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው መሆናቸውን ነገሯቸው። ዑመርም ዐባስ በጀርባቸው ላይ ቆመው መልሰው እንዲሰቅሉት አደረጉ። ኢማም አሕመድ የዘገቡት ነው፤ በሰነዱ ላይ የሐዲስ ሊቃውንት ቢነጋገሩበትም የፊቅህ መጻሕፍት አሸንዳን ወደ መንገድ ስለማውጣት ሲያወሱ ያነሱታል። ዑለሞች በዝርዝሩ ተለያይተዋል፤ አብዛኞቹ አላፊ አግዳሚውን እስካልጎዳ ድረስ ወደ ዋና መንገድ ማውጣትን ሲፈቅዱ የሚከለክሉም አሉ። መውጫ በሌለው የሰፈር መተላለፊያ ላይ ከሆነ ግን የመተላለፊያው ባለቤቶች ፈቃድ ያስፈልጋል ይላሉ። ጉዳት ካስከተለ ግን እንዲቀር የሚል ሐሳብ ላይ ይገናኛሉ። ጎረቤት ግድግዳ ላይ የሚተፋ አሸንዳ ያለን ሰዎች ራሳችንን እንመልከት።

ከቤታችን በፊት ደግሞ መስጂዳችንን። በሰፈሩ ሰፊው ጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የመስጂድ ነው፤ የውዱእ ውኃም ዓመቱን ሙሉ ይፈሳል። የመስጂድ ኮሚቴዎች አሸንዳውን ወደ ታንከር ቢመልሱት ለውዱእ የሚሆን ውኃ ያገኛሉ፤ የታችኛው ጎረቤትም፣ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ ያርፋል።

በዚሁ አጋጣሚ ክረምት ላይ በተደጋጋሚ የሚጠየቀውን እናንሳ። ልብስን የነካ የመንገድ ጭቃ ነጃሳነቱ በዓይን እስካልታየ ድረስ፣ መጠንቀቁ አስቸጋሪ በመሆኑ ዑለሞች ይቅር ብለውታል። ሽንት ቤት ገንፍሎ የተቀላቀለበት፣ ሽታው ወይም መልኩ የተለወጠ ጎርፍ ግን ነጃሳ ነው፤ እግርም ልብስም ይታጠባል።

ምን መቼ?

ዋናው ሥራ የግንቦት ነው። የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ የክረምቱን ትንበያ የሚያወጣውም በዚያው ሰሞን ስለሆነ እሱን ሰምቶ መነሳት ነው። ግንቦት ላይ ጭቃው ደረቅ ስለሆነ ለአካፋ ይመቻል፣ ሽታውም ይቀንሳል። ከቤታችን ፊት ጀምረን ሳይሆን ከታች፣ ውኃው ከሚወጣበት ጫፍ ጀምረን ወደ ላይ እንጥረግ። ከላይ ከተጀመረ የተለቀቀው ውኃ ገና ያልተጠረገው ላይ ሄዶ ይቆማል። ቦት ጫማና ጓንት ያስፈልጋል፤ ውስጡ ጠርሙስና መርፌ አይጠፋም። የተነሳ ክዳን ሳይመለስ ማደር የለበትም፤ ማታ በጎርፍ የተሸፈነ ክፍት ቦይ ሰው ይውጣል። ለጊዜው መመለስ ካልተቻለ ረጅም ቅርንጫፍ ተክሎ ምልክት ማድረግ ነው።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ የሚቀረው ሥራ ትንሽ ነው፤ ዝናብ ባቆመ ቁጥር የቱቦውን አፍ ማየትና የያዘውን ማንሳት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዝናቡ እየዘነበ ግን ማንም ሰው ቱቦ አፍ ላይ ቆሞ በእጁ ለመክፈት አይሞክር። 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት ያለው ፈጣን ጎርፍ አዋቂን ይጥላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ ባጃጅማ ለማንሳፈፍ ያን ያህልም አያስፈልገውም። ልጆች ከመድረሳ ሲመለሱ ጎርፍ እንዳይሻገሩ፣ ጎደል እስኪል እዚያው እንዲቆዩ ከኡስታዞቹ ጋር መነጋገር ነው። የኤሌክትሪክ ገመድ ከወደቀ ወይም ምሰሶ ካጋደለ ውኃው ውስጥ ሳይገቡ 905 ደውሎ ማሳወቅ፤ ሰው ከተጎዳ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ቦዩን ማታ በአካፋ ወደ ጎረቤት ማሳ ወይም ግቢ የሚያዞር ሰው በከተማም በገጠርም አለ። ጎርፉን አላስቀረውም፤ ባለቤቱን ለወጠው እንጂ። በዚህ የሚነሳ ጠብ ደም እስከማፋሰስ ይደርሳልና ሽማግሌዎች ውኃው ከመምጣቱ በፊት መስመሩን አብረው ቢያዩት ይበጃል።

ሜዳው ላይ ላሉ

በወንዝና በሐይቅ ዳር ቀበሌዎች የሚኖሩ ቤተሰቦች ዝግጅት ከዚህ ይለያል። እነሱን የሚያድናቸው ቀድሞ መውጣት ነው። ላሞቹን የት ከፍታ ላይ እንደሚያደርሱ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚወጡ፣ አቅመ ደካማና ነፍሰ ጡር ማን እንደሚያወጣ ሐምሌ ሳይጋመስ መታወቅ አለበት። የፎገራ ከብት በወተቱ የታወቀ ነው፤ ብዙ ሰው ከብቱን ጥሎ ላለመሄድ ሲል ራሱ የሚቀረውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ከብት አስቀድሞ ይውጣ። እህል ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይቀመጥ። የመሬት ደብተርና መታወቂያ በፌስታል ተጠቅልሎ ይያዝ፤ እዚህ ላይ ብቻ ፌስታል ይጠቅማል። ጉና አካባቢ ዝናቡ ሲበረታ፣ እኛ ጋ ፀሐይ ቢሆንም፣ ወንዙ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ላይኛው አገር ካሉ ዘመዶች ጋር ስልክ መደዋወል ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው።

ወረታና አዲስ ዘመን ያሉ መስጂዶችና ጀማዓዎች ለተፈናቃይ ሰደቃ ሲያሰባስቡ ልብስ ብቻ ባይሆን መልካም ነው። አጎበር፣ ሳሙና፣ ጀሪካንና የውኃ ማከሚያ ቀድመው የሚያስፈልጉ ናቸው።

ውኃው ከሄደ በኋላ

ጎርፍ የገባበት የጉድጓድ ውኃ ሳይታከም አይጠጣ። ማፍላት፣ ወይም እንደ ውኃ አጋር ያለውን ማከሚያ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን መጨመርና የተባለውን ደቂቃ መጠበቅ ነው። ሕፃን ተቅማጥ ከያዘው በሕይወት አድን ንጥረ ነገር መፍትሔው (ኦአርኤስ) እየጠጣ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ «ነገ እናያለን» አይባልም።

ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ደግሞ ወባ ይበረታል። የወባ ትንኝ ፀሐይ የሚያገኘው ትንሽ የቆመ ውኃ ይመቻታል፤ የከብት ኮቴ የረገጠው ጉድጓድ፣ ለጭቃ ቤት አፈር የወጣበት ቦታ፣ ያልፈሰሰ ቦይ ይበቃታል። ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅባት በሳምንት አንድ ጊዜ የግቢን ውኃ መድፋትና ጉድጓዱን በአፈር መሙላት ዑደቷን ያቋርጠዋል። ቀኑ እንዳይረሳ ጁሙዓ ጠዋት፣ ገላችንን ታጥበን ወደ መስጂድ ከመውጣታችን በፊት ብናደርገው ይመቻል። ቦዩንም በዚያው እናየዋለን።